የአየርላንድ ብሔርተኝነትና አገሩን ጥሎ የወጣው ተራ ሰው

በ1916 የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ፓትሪክ ፒርስ የተባለ መምህር ደብሊን መሐል ካለው ዋና ፖስታ ቤት ደጃፍ ቆሞ አዋጅ አነበበ። አየርላንድ ከብሪታንያ አገዛዝ ወጥታ ሪፐብሊክ ሆናለች የሚል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አዋጁ ገና ከመነሻው የአመፁን ደጋፊዎች ሲጠቅስ በአሜሪካ ያሉትን የአገሪቱን ስደተኛ ልጆች ያነሣል። እነዚህ ልጆች ከጥቂቶቹ በቀር ሀብታም አልነበሩም። በኒውዮርክና በቦስተን የሰው ቤት የሚያጸዱ ሴቶች፣ ሐዲድ የሚዘረጉና ቦይ የሚቆፍሩ የቀን ሠራተኞች፣ የወደብ ተሸካሚዎች፣ ፖሊሶች፣ መጠጥ ቀጂዎች ናቸው። ሞት የተፈረደበት ያህል አደገኛ ወረቀት ላይ ስማቸው ለምን ገባ?

ስለ አየርላንድ ብሔርተኝነት ሲወራ ቶሎ የሚነሣው ጠመንጃውና መሪዎቹ ናቸው። እኔ ማስረዳት የምፈልገው ሌላውን ወገን ነው፤ እንጀራ ፍለጋ ለሚወጣው ተራ ሰው ይህ ሐሳብ ምን ሰጠው፣ ምንስ ወሰደበት? ባጭሩ ለመናገር፣ ሐሳቡ ለስደተኛው የመሄዱን ምክንያትና ክብር ሰጠው፤ ስደተኛው ደግሞ ከላቡ የቆጠበውን ገንዘብ ሰጠ። ነጻነቱ ሲመጣ ግን በሁለቱ መካከል የነበረው ሂሳብ አልተወራረደም።

ረሃቡና ክሱ

አየርላንድ ከ1801 ጀምሮ የምትተዳደረው ለንደን ካለው ፓርላማ ነበር። የእርሻ መሬቱ አብዛኛው የባለርስቶች ነው፤ ብዙዎቹ የእንግሊዝ ዝርያ ያላቸው ፕሮቴስታንቶች ሲሆኑ፣ ርስታቸውን በወኪል እያስተዳደሩ እንግሊዝ የሚኖሩም ነበሩባቸው። አራሹ በብዛት ካቶሊክ ጭሰኛ ነው። እህሉንና አሳማውን ለመሬት ኪራይ ይሸጣል፤ ቤተሰቡ የሚበላው ድንች ነው። ድንች ከጠባብ ማሳ ብዙ አፍ ስለሚመግብ፣ መሬቱ ከአባት ወደ ልጆች እየተቆራረሰ ሲሄድም ሰው እያገባ፣ እየወለደ፣ ጎጆ እየቀለሰ ቆየ። በ1841 ሕዝብ ሲቆጠር ነዋሪው ከ8 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ።

በ1845 የድንች በሽታ ገባ። ለምለም የነበረ ማሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ተቆፍሮ ሲወጣ ጤነኛ የሚመስለው ድንችም ከተከማቸ በኋላ ፈርሶ ይገማል። በ1846 ምርቱ ከሞላ ጎደል ጠቅላላ ጠፋ። እስከ 1852 ባለው ጊዜ ወደ 1 ሚሊዮን ሰው በረሃብና ረሃቡ ባመጣው ተስቦ ሞተ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰደደ።

የብሪታንያ መንግሥት እጁን አጣጥፎ ብቻ ተቀመጠ ማለት አይቻልም። በ1847 አጋማሽ ላይ በየአካባቢው ሾርባ የሚታደልበት ቦታ ተከፍቶ በቀን እስከ 3 ሚሊዮን ሰው የተመገበበት ጊዜ ነበር። ሕዝቡን ማትረፍ እንደሚቻልም ያን ጊዜ ታየ። ሆኖም ከጥቂት ወራት በኋላ ተዘጋና ሸክሙ በዚያው በአየርላንድ ግብር ከፋይ ላይ ተጣለ። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ደግሞ ከሩብ ኤከር፣ ማለትም ከ1 ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ በላይ መሬት የያዘ ጭሰኛ መሬቱን ካልለቀቀ እርዳታ አያገኝም አለ። ይህችን ድንጋጌ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። አባት ልጆቹ ዛሬ እንዲቀምሱ ከፈለገ የነገ መኖሪያቸውን ማስረከብ አለበት። መሬቱን ያስረከበ ሰው ጎጆው ይፈርሳል፤ ጎጆው የፈረሰበት ሰው ወይ ድሆች ወደሚታጎሩበት የሥራ ቤት ይገባል፣ ወይ መርከብ ይፈልጋል። መርከቡም ቢሆን መዳን አልነበረም። በ1847 ተስቦ ይዟቸው ካናዳ ከደረሱት መካከል ግሮስ ኢል በምትባለው የኩቤክ ደሴት ላይ ብቻ ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች ተቀብረዋል።

ጆን ሚቸል የተባለ ጋዜጠኛና አመፀኛ ከዚህ ሁሉ አንድ ክስ አወጣ፤ የድንቹን በሽታ ያመጣው እግዚአብሔር ነው፣ ረሃቡን የፈጠሩት ግን እንግሊዞች ናቸው አለ። ክሱ ውቅያኖስ ተሻግሮ በስደተኛው ሁሉ አፍ ገባ። ታሪክ አጥኚዎች ዛሬ ነገሩን እንዲህ በአንድ ቃል አይቋጩትም። እህል ከአየርላንድ ወደቦች መውጣቱ አልቆመም፤ ይሁንና በ1847 ወደ አገሪቱ የገባው እህል ከወጣው በብዙ ይበልጥ ነበር። ሕዝቡን ለመጨረስ ታስቦበት የተደረገ ነው የሚለውንም አብዛኞቹ አይቀበሉትም። እኔም እንደዚያ አልልም። ነገር ግን በዘመኑ ከዓለም አንደኛ ባለጸጋ የነበረ መንግሥት፣ ዜጋዬ የሚለው ሕዝብ እንደ ቅጠል ሲረግፍ ለገበያ ሥርዓትና ለወጪ መጨነቁ በደል ነው። የተበደለም ሰው በደሉን ይዞ ቢሰደድ አይፈረድበትም። ስለ ሚቸል ሲነሣ ግን ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ነገር አለ፤ ይኸው ሰው አሜሪካ ከገባ በኋላ የጥቁሮችን ባርነት አጥብቆ የሚደግፍ ሆነ።

ያም ሆኖ ክሱ ለተራው ሰው አንድ ትልቅ ነገር አድርጎለታል። ጫማ ሳይኖረው፣ ብዙ ጊዜም ሳይማር የሰው አገር የገባ ገበሬ፣ ድህነት አሸንፎኝ መጣሁ ከማለት ይልቅ ከአገሬ አባረሩኝ ማለት ቻለ። አንደኛው አንገት ያስደፋል፤ ሁለተኛው ቀና ያደርጋል።

የሽኝቱ ሌሊት

ይህ ሐሳብ ከጋዜጣ ወርዶ እንዴት ቤት እንደገባ ለማወቅ ሽኝቱን ማየት ይበቃል። ከረሃቡ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት፣ በተለይ በምዕራብ አየርላንድ ገጠሮች፣ ልጅ ወደ አሜሪካ የሚሄድበት ዋዜማ የአሜሪካ ለቅሶ ይባል ነበር። ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ጎረቤት ተሰብስቦ ያድራል። ሻይ፣ ዳቦ፣ ከተገኘም ቤት የወጣ አረቄ ይቀርባል። ወጣቶቹ ይጨፍራሉ፣ ሽማግሌዎቹ እሳት ዳር ተቀምጠው ያወራሉ። ሌሊቱ ሲገፋ በእድሜ የገፋች ሴት ሙሾ ታወርዳለች፤ የምትሄደዋን ልጅ በስሟ እየጠራች፣ ደግነቷን እየቆጠረች፣ የእናቷን ባዶ ቤት እያነሣች። ሙሾው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከሄዱት አብዛኞቹ ዳግም የወላጆቻቸውን ፊት አላዩም። ሲነጋ ሁሉም ይሸኛል። በሰሜን ምዕራብ፣ ዶኒጎል በሚባለው ግዛት፣ ሙኪሽ ተራራ አጠገብ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ድልድይ አለች። ዘመድ አዝማድ እስከዚያች ድረስ በእግሩ ይሸኝና ይመለሳል፤ ተጓዡ ብቻውን ወደ ዴሪ ወደብ ይቀጥላል። የእንባ ድልድይ ይሏታል፤ ዛሬም ቆማለች።

በእንዲህ ያለው ሌሊት ከሚዘፈኑት ዘፈኖች ብዙዎቹ እንግሊዝንና ባለርስቱን ይከስሳሉ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት ግን የቤቱን ውስጥ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈውም ይኸው ነው።

ረሃቡን ያየ ገበሬ መሬት መቆራረስ እንደሌለበት ተማረ። ስለዚህ እርሻው ሳይከፈል ለአንድ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፍ ጀመር። እሱም ቢሆን አባቱ እስኪያስረክበው ድረስ ሠላሳዎቹን አልፎ፣ አንዳንዴም አርባ ሞልቶት ሳያገባ ይጠብቃል። ከሴቶቹ አንዷ ከቤት ገንዘብ ተቆጥሮላት ትዳራለች። የቀሩት አራት አምስት ልጆችስ? ከሰሜን ምሥራቁ በቀር የረባ ፋብሪካ የለም። ገበሬው ደግሞ የእንግሊዝ ገበያ ከብት ስለሚፈልግ ማሳውን ወደ ግጦሽ እየለወጠ ነው፤ ከብት የሚጠብቅ መሬት ደግሞ ብዙ እጅ አይፈልግም። ለልጆቹ የቀራቸው ባሕር መሻገር ብቻ ነው። እንግዲህ ከ1850ዎቹ በኋላ ከቤቱ የወጣው ወጣት ብዙውን ጊዜ የወጣው ወታደር ደጁን ስለሰበረበት አልነበረም፤ ወንድሙ ስለወረሰ ነበር።

ይህን ግን ማን ይናገራል? አባት ልጁን አንተ ትተርፋለህ ሊለው አይችልም። ልጁም አባቴ ለወንድሜ አደላብኝ ብሎ አይሄድም፤ እንዲያውም ከሄደበት ገንዘብ እንዲልክ ይጠበቃል። ሁለቱም ጣታቸውን ወደ ለንደን ሲቀስሩ የቤቱ ፍቅር ሳይቆረስ ይቀራል። ክሱ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ የመሬቱ ሥርዓት የተበጀውም፣ ኢንዱስትሪ ሳይስፋፋ የቀረውም በዚያው አገዛዝ ሥር ነው። ሆኖም የአገሬውን ባለብዙ ከብት ገበሬና ባለሱቅ ከወቀሳ ሰውሯል። የየአካባቢው የብሔርተኞች ማኅበር መሪዎች ደግሞ በአብዛኛው እነዚሁ ሰዎች ነበሩ። መሬት አልባው የቀን ሠራተኛ በነጻነት ንግግሮች ውስጥ ስሙ ቢነሣም ጥያቄው ብዙም አልተነሣለትም።

የቤት ሠራተኛዋ ዶላር

ከአየርላንድ የሚወጣው ስደተኛ ከሌላው የአውሮፓ ስደተኛ የሚለየው ግማሽ ያህሉ ሴት መሆኑ ነው፤ ብዙዎቹም ያላገቡ፣ ብቻቸውን የሚጓዙ ወጣቶች ናቸው። የኒውዮርኩ የኤሊስ ደሴት መቀበያ በ1892 ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበችው አኒ ሙር የምትባል የኮርክ ልጅ ነበረች። እነዚህ ሴቶች በብዛት የገቡት በሰው ቤት ሥራ ነው። ምግብና መኝታ ከአሠሪያቸው ስለሆነ ደመወዛቸውን ማጠራቀም ይችላሉ። ከዚያ ውስጥ የቤት ኪራይ ለእናት ይላካል፤ ለታናሽ እህት የመርከብ ትኬት ይቆረጣል፤ እህትየውም ስትደርስ ለሚቀጥለው ትቆርጣለች። ለገና ከአሜሪካ የሚደርሰው ደብዳቤ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው በውስጡ ያለው ገንዘብ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ከዚያች ደመወዝ ላይ ቀንሳ ለፖለቲካ ማኅበር የምትሰጠው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ሰዉ እንዴት እንደተቀበላቸው ነው። በ1834 ቦስተን አጠገብ የካቶሊክ መነኮሳይያት ገዳም ተቃጠለ። በ1850ዎቹ ካቶሊክ ስደተኛን የሚጠላ ፓርቲ ተነሥቶ የማሳቹሴትስን መንግሥት ያዘ። የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ አይሪሽ እንዳያመለክት የሚል ይጻፍ ነበር፤ ጋዜጦች አይሪሹን በዝንጀሮ መልክ ይስሉት ነበር። የተናቀው ስደተኛ የሚንቁን አገር ስለሌለን ነው ብሎ አሰበ። አየርላንድ ራሷን የቻለች መንግሥት ብትሆን እኔም ኒውዮርክ ውስጥ ሰው እሆናለሁ የሚል ስሌት ነው። ለዚህ ነው ብሔርተኝነቱ ከአገር ቤት ይልቅ አንዳንዴ ስደት ላይ የጋለው። እርግጥ ሁሉም አልተቀላቀለም፤ ኑሮውን ብቻ ያለ፣ ስሙንና ዘዬውን ቀይሮ የተመሳሰለም ብዙ ነው። ከሰሜን የሄዱት ፕሮቴስታንቶች ደግሞ በአብዛኛው ይህ የእነሱ ጉዳይ አልነበረም።

በ1858 ደብሊን ውስጥ በምስጢር የተቋቋመው የአይሪሽ ሪፐብሊካን ወንድማማችነት ኒውዮርክ ላይ ፊኒያን የሚባል እኅት ድርጅት ነበረው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተመለሱ አይሪሾች በ1866 ብሪታንያን ለማስጨነቅ ብለው ካናዳን እስከ መውረር ደረሱ፤ አንድ ውጊያ አሸንፈው ወዲያው ተመለሱ። የ1867ቱ የአገር ቤት አመፅም ከሸፈ። ለዚህ ሁሉ የተዋጣው ገንዘብ ለተራው አዋጪ የመለሰለት ነገር ቢኖር መዝሙር ነው።

በእውነት ፍሬ ያፈራው ሌላ ነው፤ የመጣውም ከአንድ የተፈናቀለ ልጅ ነው። ማይክል ዳቪት በ1846፣ በረሃቡ መሐል፣ በሜዮ ግዛት ተወለደ። በ1850 ቤተሰቡ ኪራይ መክፈል ተስኖት ከእርሻው ተባረረ። የሥራ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ልጅ ከእናቱ ይለያል ሲባሉ እናቱ አሻፈረኝ ብላ ወጣች። እንግሊዝ ውስጥ ወዳለው ላንክሻየር ተሰደዱ። ማይክል በአሥራ አንድ ዓመቱ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ቀኝ እጁን ወሰደበት። አድጎ ፊኒያን ሆነ፣ መሣሪያ በማዘዋወር ተከስሶ ሰባት ዓመት ታሰረ። ሲፈታ ወደ አሜሪካ ሄደና እዚያ ካለው የስደተኞች መሪ ከጆን ዲቮይ ጋር ተመካከረ። ከዚህ ተነሥቶ በ1879 የመሬት ሊግ ተመሠረተ፤ ሊቀ መንበሩ ቻርለስ ስቱዋርት ፓርኔል ሆነ። የዳቪት ብልሃት ባንዲራውን ከመሬቱ ጋር ማሰሩ ላይ ነው። ነጻነት ሲባል ገበሬው የሚሰማው ሩቅ ነገር ነበር፤ ኪራይ ይቀነስ፣ መፈናቀል ይቁም ሲባል ግን ነገሩ ደጁ ላይ ደረሰ።

ስደተኛውም የገባው ይህ ነው። ፓርኔል በ1880 አሜሪካ ዞሮ ገንዘብ ሰበሰበ፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ንግግር አደረገ። እኅቱ ፋኒ ኒውዮርክ ላይ የሴቶች የመሬት ሊግን አቋቋመች፤ ሌላዋ እኅቱ አና በ1881 ደብሊን ላይ መራችው። በኪራይ እምቢታ የተባረሩ ቤተሰቦች መጠለያና ስንቅ ያገኙት በዚህ ገንዘብ ነበር። የቤት ሠራተኛዋ ዶላር ከእናቷ ቤት ጣራ ጋር በቀጥታ የተገናኘችበት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። የ1881ዱ ሕግ ኪራይ በፍርድ ቤት እንዲወሰን አደረገ፤ የ1903ቱ ደግሞ ጭሰኛው በመንግሥት ብድር መሬቱን እንዲገዛ በሩን በሰፊው ከፈተ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር አብዛኛው ጭሰኛ ባለመሬት ሆኗል ወይም ለመሆን ተቃርቧል። ከብሔርተኝነቱ ውጤቶች ሁሉ ለድሀው የተረፈው ትልቁ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚዘከረው ግን ከጠመንጃው በታች ነው። መሬቱን ያገኘው ያው ወራሹ ወንድም መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ሌሎቹ ልጆች መሄዳቸውን ቀጠሉ።

ነጻነት መጣ፣ ስደቱ ቀጠለ

ከ1916ቱ አመፅ በኋላ፣ በ1919 የተጀመረው የነጻነት ጦርነት ሲፋፋም፣ የአመፁ መሪ ኤመን ዴ ቫሌራ አንድ ዓመት ተኩል ያህል አሜሪካ ተቀምጦ ቦንድ ሸጠ። ትንሹ 10 ዶላር ነበር፤ የተሰበሰበው ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ዴ ቫሌራ ራሱ የስደት ልጅ ነው። እናቱ ከሊመሪክ ሄዳ ኒውዮርክ በሰው ቤት የምትሠራ ነበረች፤ እዚያው በ1882 ወለደችውና ገና በሁለት ዓመቱ አያቱ ዘንድ እንዲያድግ ወደ አየርላንድ ተላከ። የቦንዱ ገንዘብ ከግማሽ የማያንሰው ጦርነቱ እስኪያበቃ አሜሪካ ባንክ ውስጥ ቀረ፤ በኋላም መሪዎቹ እርስ በርሳቸው ስለተጣሉበት በ1927 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ለገዢዎቹ እንዲመለስ አዘዘ። የቀረውን የአየርላንድ መንግሥት በ1930ዎቹ ከፈለ።

በዚያው ጦርነት ወቅት፣ በ1920፣ አማፂው መንግሥት ያለ ፈቃዱ ማንም ሰው እንዳይሰደድ ከለከለ። ይህ የሐሳቡን ሁለት ፊት አንድ ላይ ያሳያል። ትናንት የሄደው በግፍ የተባረረ ልጅ ነው፣ ገንዘቡም ይፈለጋል፤ ዛሬ የሚሄደው ግን ከግንባር እንደሚሸሽ ወታደር ታየ። ሁለቱም ግን የሄዱት በአንድ ምክንያት ነው፤ ሥራ የለም።

ነጻ መንግሥት በ1922 ሲቆም የክሱ መሠረት ተናወጠ። እንግሊዝ ከወጣች በኋላም ስደቱ ካልቆመ የማን ጥፋት ሊባል ነው? አልቆመም። አሜሪካ በኮታ በሯን ስታጠብ መንገዱ ወደዚያችው ወደ እንግሊዝ ዞረ። በ1950ዎቹ ብቻ 400 ሺህ ያህል ሰው ከአገር ወጣ፤ በ1961 የሪፐብሊኩ ሕዝብ 2.8 ሚሊዮን ደረሰ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ዝቅ ብሎ አልተመዘገበም። ሌሊት ከደን ሊሪ ወደብ በመርከብ ወደ ሆሊሄድ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ለንደን። ሴቶቹ ሆስፒታል ገብተው ነርስ ሆኑ። ወንዶቹ በጨለማ ካምደን ታውንና ክሪክልውድ መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ የግንባታ ተቋራጭ መኪና መጥቶ ይመርጣል። የተመረጠው የቀን ሂሳቡን በእጁ ይቀበላል፤ ግብርም የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮም አይቆረጥበትም። በወጣትነት ጥሩ ይመስል ነበር። ጉልበት ሲከዳ ግን የጡረታ መዋጮ ያልተከፈለለት፣ ያላገባ፣ አንዲት ክፍል የተከራየ ሽማግሌ ሆኖ የቀረው ብዙ ነው።

መሪዎቹ ለዚህ ሰው የሚሉት አልነበራቸውም። ዴ ቫሌራ በ1951 በርሚንግሃም ውስጥ አይሪሽ ሠራተኞች ተፋፍገው እንደሚኖሩ ገልጾ አገር ቤት የተሻለ ሥራ አለ የሚል ንግግር አደረገ፤ ከባሕሩ ወዲያም ወዲህም ትልቅ ክርክር ተነሣ። የብሔርተኝነቱ መጽሐፍ ስደትን በባዕድ አገዛዝ ብቻ ስለተረጎመው፣ በገዛ ባንዲራው ሥር ሆኖ የሚሰደድን ሰው የሚያስገባበት ገጽ አጣ። ለዚህ ነው የ1950ዎቹ ትውልድ ሐዘኑ ዝም ያለው። የአያቱን ያህል የሚከስሰው አልነበረውም፤ የላከው ገንዘብ ግን የስንቱን ቤት አቁሟል። ነገሩ መቀየር የጀመረው በ1958 ኬን ዊተከር የተባለ የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሥልጣን የኢኮኖሚውን በር የሚከፍት ጥናት ካቀረበ በኋላ ነው።

ብሔርተኝነት እንግሊዝ ለሚኖረው አይሪሽ ስደተኛ ሸክም የሆነበት ጊዜም አለ። በብሪታንያ ሥር የቀረችውን ሰሜን አየርላንድን ከቀሪው ጋር ለማዋሃድ አይአርኤ የተባለ የብሔርተኞች ታጣቂ ቡድን ይዋጋ ነበር። ኅዳር 21 ቀን 1974 በርሚንግሃም ውስጥ በሁለት መጠጥ ቤቶች በፈነዳ፣ የዚሁ ቡድን ሥራ ነው በተባለ ቦምብ 21 ሰዎች ሞቱ። ከቀናት በኋላ ጥብቅ የፀረ ሽብር ሕግ ወጣ። ስድስት አይሪሾች ባልሠሩት ወንጀል ተፈርዶባቸው እስከ 1991 ታሰሩ። የከተማው የቅዱስ ፓትሪክ ሰልፍ ቆሞ እንደገና የተጀመረው በ1996 ነው። በእነዚያ ዓመታት አውቶቡስ ላይ ዘዬው እንዳይታወቅበት ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሠራተኛ፣ በስሙ ለሚደረግ ጦርነት ማንም አላማከረውም።

የዲቪ ሥር

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኛ ቤት ድረስ የደረሰ አንድ ነገር አለ። በ1980ዎቹ አየርላንድ ውስጥ ሥራ ሲጠፋ ብዙ ወጣቶች በጎብኚ ቪዛ ቦስተንና ኒውዮርክ ገብተው ያለ ወረቀት ቀሩ። የ1965ቱ የአሜሪካ ሕግ ቅድሚያ የሚሰጠው በአብዛኛው የቅርብ ቤተሰብ ላለው ነው፤ ቅድመ አያቱ እንጂ ወንድሙ አሜሪካ የሌለ አይሪሽ በዚያ በር አይገባም። በ1987 ኒውዮርክ ውስጥ ወረቀት አልባዎቹ ራሳቸው ተደራጁ። ብሔርተኝነቱ ለመቶ ዓመት የገነባው መረብ፣ የአውራጃ ማኅበራቱ፣ ጋዜጦቹ፣ የምክር ቤት አባላቱ፣ በዚህ ጊዜ ለነጻነት ሳይሆን ለቪዛ ሠራ። የማሳቹሴትሱ ብራያን ዶኔሊ በ1986 ባስገባው ድንጋጌ በፖስታ ቀድሞ ለደረሰ ማመልከቻ ቪዛ ተሰጠ። የኮኔቲከቱ ብሩስ ሞሪሰን በ1990 ባሳለፈው ሕግ ደግሞ በሦስት ዓመት 48 ሺህ ቪዛ ለአየርላንድ ተመደበ። ያ ጊዜያዊ ፕሮግራም ሲያበቃ በ1995 ቋሚ የሆነው ዕጣ ዲቪ የምንለው ነው። በዚህ በር የገቡ ኢትዮጵያውያን እጅግ ብዙ ናቸው። አይሪሾቹ ለልጆቻቸው ብለው የገፉት በር ለአፍሪካም ተከፍቶ መቅረቱ እኔን ደስ ያሰኘኛል።

አገር ቤትም አመለካከቱ ተለወጠ። በ1990 የተመረጡት ፕሬዝዳንት ሜሪ ሮቢንሰን ለወጡት ልጆች ማስታወሻ ብለው በመኖሪያቸው መስኮት ሁልጊዜ መብራት እንዲበራ አደረጉ፤ በ1995 ለሁለቱም ምክር ቤቶች ስለ ስደተኛው ብቻ ንግግር አደረጉ። ከ1998ቱ የሰሜን አየርላንድ የሰላም ስምምነት ጋር ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል የአየርላንድ ሕዝብ በውጭ ከሚኖሩ ተወላጆቹ ጋር ያለውን ዝምድና እንደሚያከብር ተጻፈበት። የልጅ ልጅ የሆነ ሁሉ፣ አያቱ አየርላንድ ከተወለዱ፣ ተመዝግቦ ፓስፖርት ማውጣት ይችላል።

ድምፅ ግን የለውም። ውጭ የሚኖር ዜጋ፣ ከዲፕሎማቶችና ከመሳሰሉት በቀር፣ በፓርላማው የታችኛው ምክር ቤት ምርጫም በሕዝበ ውሳኔም ካለበት ሆኖ መምረጥ አይችልም። በቅርቡ የወጣና በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ እመለሳለሁ የሚል ሰው ስሙ ከመዝገብ አይሰረዝም፤ ለመምረጥ ግን ራሱ ተሳፍሮ መምጣት አለበት። በ2015 እና በ2018 ሕዝበ ውሳኔዎች ብዙ ወጣቶች ከለንደን፣ ከኒውዮርክ፣ ከአውስትራሊያ ጭምር ለአንድ ቀን ድምፅ በአውሮፕላን ተመልሰዋል። የሚፈራው ይገባኛል፤ አገሪቱ ትንሽ ናት፣ የወጣው ብዙ ነው፣ ግብር የማይከፍል ሰው የሚከፍለውን ዕጣ ይወስናል ይባላል። ቢያንስ ሥልጣኑ በአብዛኛው የክብር የሆነውን ፕሬዝዳንት እንዲመርጡ መፍቀድ ግን ማንንም አይጎዳም፤ ለቦንዱም፣ ለኪራዩም፣ ለትኬቱም ሲከፍሉ ግብር ከፋይ ናችሁ ወይ ያላቸው አልነበረም። ይህን የሚፈቅድ ሕዝበ ውሳኔ በ2019 ታቅዶ ነበር፤ ተራዘመ፣ እስካሁንም አልተካሄደም።